እንዶድ፦ ለልብስ ሳሙና፣ ለቀንድ አውጣ መርዝ፣ ለሆድ ግን አደጋ

እንዶድ ፋብሪካ ሳሙና ከመስፋፋቱ በፊት የሀገራችን እናቶች ሸማና ነጠላ ሲያነጡበት የኖሩበት ተክል ነው። ዛሬም የደረቀ ፍሬው በየገበያው ይሸጣል። ከልብስ ማጠቢያነቱ ሌላ ለቆዳ ሕመም፣ ለሆድ ትል፣ ለጨብጥ፣ ለእብድ ውሻ በሽታና ጽንስ ለማስወረድ በባህል መድኃኒትነት ይወሰዳል። ይህ ጽሑፍ እንዶድ ምን እንደሆነ፣ ጥቅሙ የት ድረስ እንደሆነና አንድ ሰው ቢጠጣው ቤተሰብ ምን ማድረግ እንዳለበት ያስረዳል።

በአጭሩ ማወቅ ያለብዎት

• እንዶድ ጥሩ ማጠቢያ ነው፤ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎችም ይገድላል።
• ለማጠቢያነት የጠቀመው ያው ንጥረ ነገር ሆድ ውስጥ ሲገባ አንጀትን ያቆስላል፣ የደም ሴሎችን ሊያፈርስ ይችላል።
• "ይህን ያህል ቢጠጣ አይጎዳም" የሚባል የታወቀ መጠን የለም።
• እንዶድ የጠጣ ሰው ምልክት ባያሳይም ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። የጠጣውን ነገር ከሐኪም መደበቅ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

እንዶድ ምን ዓይነት ተክል ነው?

እንዶድ በሐሩር አፍሪካ በብዙ አገሮች የሚበቅል፣ በሌላ ዛፍ ወይም በአጥር ላይ እየተንጠላጠለ የሚያድግ ቁጥቋጦ ነው። በሀገራችን በወይና ደጋና በደጋ አካባቢዎች፣ በቤት አጥር፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በወንዝ ዳር በብዛት ይገኛል። በአፋን ኦሮሞ አንዶዴ፣ በትግርኛ ሽብቲ ይባላል። ሳይንሳዊ ስሙ ፊቶላካ ዶዴካንድራ ነው።

ወንዴውና ሴቴው ተክል የተለያዩ ናቸው፤ ፍሬ የሚያፈራው ሴቴው ብቻ ነው። ፍሬው እንደ ወይን በዘለላ ይንጠለጠላል። ለጋ ሲሆን አረንጓዴ ነው፣ ሲበስል ወደ ብርቱካንማና ቀይ ይለወጣል። ለማጠቢያ የሚፈለገው ሳይበስል የተለቀመው ፍሬ ነው። በፀሐይ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ከዚያ በውኃ ሲበጠበጥ ብዙ አረፋ ይሰጣል።

አረፋው ከምን ይመጣል?

በፍሬው ውስጥ ሳፖኒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ሳፖኒን እንደ ሳሙና ቅባትን ከውኃ ጋር ያዋሕዳል፤ የልብስ ቅባትና እድፍ የሚለቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ፍሬው ሳይነካ ዛፉ ላይ እያለ እነዚህ ንጥረ ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ ኃይለኛ ባልሆነ መልካቸው ይቀመጣሉ። ተወቅጦ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ግን በራሱ በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ወደ ኃይለኛው ዓይነት ይቀይራቸዋል። ስለዚህ "ወቅጦ፣ በጥብጦ መጠጣት" የሚለው የባህል አዘገጃጀት መርዙ ኃይሉን የሚያገኝበት መንገድ ነው።

የሰው፣ የዓሣና የቀንድ አውጣ የሰውነት ሴሎች ሁሉ የተሸፈኑት ከቅባት በተሠራ ስስ ሽፋን ነው። ሳፖኒን ይህን ሽፋን ይበሳዋል። በልብስ ላይ እድፍ ያስለቀቀው ነገር በአንጀት ግድግዳ ላይና በደም ሴል ላይ ሲያርፍ የሚሠራው ሥራ ተመሳሳይ ነው። እንዶድን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ይዘው መሄድ ከፈለጉ ይህን ይያዙ፦ የሚያጥበውና የሚመርዘው አንድ ነገር ነው።

በባህል ለምን ለምን ይውላል?

በተለያዩ የሀገራችን ክፍሎች ሰዎች እንዶድን ለሚከተሉት ይጠቀማሉ፦

• ልብስ፣ በተለይ ነጭ ሸማ ለማጠብ
• ፀጉር ለመታጠብና ለፎረፎር
• ለጭርት፣ ለቋቁቻና ለእከክ በቆዳ ላይ ለመቀባት
• ከከብቶች አፍና ጉሮሮ አልቅት ለማስለቀቅ
• የኮሶ ትልና ወስፋት ለማስወጣት
• ለጨብጥና ለወባ
• ለእብድ ውሻ በሽታ (ብዙ ጊዜ ሥሩን)
• ጽንስ ለማስወረድ

ከላይ ያሉት የመጀመሪያዎቹ በውጭ የሚደረጉ ናቸው። ወደ ታች ስንወርድ በአፍ የሚወሰዱት ይመጣሉ፤ ለጤና አደጋ የሚሆኑትም እነዚህ ናቸው።

ከአድዋ ወንዝ የተገኘው ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ጥናት ያካሂዱ ነበር። ቢልሃርዚያ በዓይን በማይታይ እጭ አማካይነት ከውኃ ወደ ሰው ቆዳ የሚገባ ትል የሚያመጣው በሽታ ነው። እጩ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት በውኃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ሰውነት ውስጥ ማደግ አለበት። ቀንድ አውጣው ከሌለ በሽታው አይተላለፍም።

ዶክተር አክሊሉ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች፣ በወንዙ ፍሰት አቅጣጫ፣ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ከዚያ ቦታ በላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። ከዚህ ተነሥተው ባደረጉት ምርምር እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጡ። በአድዋ ለአምስት ዓመታት ያህል ወንዞቹን በእንዶድ በማከም በተካሄደው ሙከራ በቢልሃርዚያ የተያዙት ሰዎች ድርሻ ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ መውረዱ ተመዝግቧል። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የፓቶባዮሎጂ ተቋም በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል።

ይህ ታሪክ የምንኮራበት ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ።

እንዶድ መጠጣት ቢልሃርዚያን ያድናል?

አያድንም። በአድዋ እንዶድ የተጨመረው ወንዝ ውስጥ ነው፤ ማንም እንዲጠጣው አልተደረገም። እንዶድ የሚገድለው በውኃ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣና እጩን ነው። በሰው የደም ሥር ውስጥ የተቀመጠውን ትል ለማከም የሚሰጠው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን ነው። መጠኑ በሰውየው ክብደት ይሰላል፤ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ጊዜ ተወስዶ ያልቃል። በሽታው በብዛት በሚገኝባቸው ወረዳዎች ለተማሪዎች በትምህርት ቤት በነፃ ይታደላል።

በተደጋጋሚ የሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ የሆድ ማበጥ ወይም ሽንት ላይ ደም ካዩ፣ በተለይ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ የመግባት ልማድ ካለዎት፣ የሰገራና የሽንት ምርመራ ያድርጉ።

እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ ዓሣ ባለበት ወይም ሰውና ከብት በሚጠጡት ምንጭ ውስጥ በራስ ፈቃድ መጨመር አይገባም።

ሲጠጣ በሰውነት ላይ ምን ያደርሳል?

ምልክቶቹ ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራሉ፦

• የአፍና የጉሮሮ ማቃጠል
• ማቅለሽለሽና ተደጋጋሚ ትውከት
• ከባድ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ፤ አንዳንዴ ደም የቀላቀለ
• ከትውከቱና ከተቅማጡ የተነሣ የሰውነት ፈሳሽ ማለቅ፦ ጥማት፣ ማዞር፣ የሽንት መቀነስ፣ የልብ ምት መፍጠን
• የአንጀት ግድግዳ ሲቆስል መርዙ ወደ ደም ሊገባና ቀይ የደም ሴሎችን ሊያፈርስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሽንት እንደ ኮካ ይጠቁራል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ድካምና ትንፋሽ ማጠር ይመጣል
• በከባድ ሁኔታ ኩላሊት ሥራውን ሊያቆም፣ ራስን መሳትና ሞት ሊከተል ይችላል

ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ያለባቸውና ደም ማነስ ያለባቸው ሰዎች በቀላሉ ይጎዳሉ።

"በልኩ ቢጠጣስ?"

ይህን ጥያቄ በተደጋጋሚ እሰማለሁ። "አያቴ ሁልጊዜ ትሰጠን ነበር፣ ምንም አልሆንም" የሚሉም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጠጥተው ምንም ያልሆኑ ሰዎች አሉ። ችግሩ ቀጣዩ ሰው ምን እንደሚሆን ማወቅ የማይቻል መሆኑ ነው።

ተመራማሪዎች ከተለያዩ የሀገሪቱ ክፍሎች የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው ሲያወዳድሩ ኃይላቸው እኩል ሆኖ አላገኙትም። ለቀንድ አውጣ መቆጣጠሪያ ዓይነት 44 የተባለውን መርጠው ያባዙት ከሌሎቹ ይልቅ ኃይለኛ ሆኖ ስላገኙት ነው። ሳይበስል የተለቀመ ፍሬ ከበሰለው ይበልጣል፤ አወቃቀጡና ውኃ ውስጥ የቆየበት ጊዜም ለውጥ ያመጣል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ከአንድ አጥር የተለቀመ አንድ እፍኝና ዘንድሮ ከሌላ ገበያ የተገዛ አንድ እፍኝ ለዓይን አንድ ቢመስሉም በውስጣቸው ያለው መርዝ እኩል አይደለም። አዋቂው ሰው ልኩን ቢያውቅ እንኳ ፍሬው ልክ የለውም።

ሰዎች እንዶድን በአፍ የሚወስዱባቸው ሦስት ዋና ምክንያቶች

1. የኮሶ ትልና ወስፋት

እንዶድ ከጠጡ በኋላ የሚመጣው ተቅማጥ ትሉን ቆራርጦ ሊያወጣ ይችላል። የወጣውን ያየ ሰው "ዳንኩ" ይላል። የኮሶ ትል ራሱ አንጀት ላይ ተጣብቆ ከቀረ ግን ከወራት በኋላ ይመለሳል። ዛሬ ለኮሶ ትል ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ፣ ለወስፋት አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል በየጤና ጣቢያው ይገኛል። ዋጋቸው ርካሽ ነው፤ መጠናቸውም የታወቀ ነው። አንድ ክኒን በሚጨርሰው ጉዳይ ሕይወትን ማስያዝ አያስፈልግም።

2. የእብድ ውሻ ንክሻ

እዚህ ላይ ጉዳቱ በእንዶድ መርዝነት ብቻ አያበቃም። ትልቁ ጉዳት የጠፋው ጊዜ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት የሚሰጠው ክትባት ግን በሽታውን ይከላከላል።

ውሻ፣ ድመት ወይም ሌላ እንስሳ የነከሰው ሰው ካለ፦

• ቁስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠቡ።
• በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱና ስለ ክትባት ይጠይቁ።
• የታዘዘልዎትን ክትባት በሙሉ ይጨርሱ።

የባህል መድኃኒት ጠጥተው ያልታመሙ ሰዎች ሲገኙ "መድኃኒቱ አዳናቸው" ይባላል። ነገር ግን የሚናከስ ውሻ ሁሉ በሽታው ያለበት አይደለም፤ በሽታው ያለበት ውሻ የነከሰው ሰው ሁሉም አይታመምም። የትኛው እንደሚታመም አስቀድሞ ማወቅ ስለማይቻል ክትባቱን ሁሉም መውሰድ አለበት።

3. ያልታሰበ እርግዝና

እንዶድ ማህፀንን እንደሚያኮማትር በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። ማህፀኑን እንዲኮማተር የሚያደርገው መጠን እናቲቱን ከሚመርዘው መጠን የሚለይበት ወሰን ግን አይታወቅም። ጽንሱ በከፊል ወጥቶ በከፊል ሊቀር ይችላል፤ ከባድ የደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ይከተላል። ወደ ማህፀን ውስጥ ማስገባትም በጣም አደገኛ ነው።

በድንገተኛ ክፍል እሠራ በነበረበት ጊዜ አክስቷ ይዛት የመጣች አንዲት ወጣት አስታውሳለሁ። ትውከትና ተቅማጡ አላቆም ብሏል። "ያደረ ምግብ በልታ ነው" አሉን፤ እኛም ሌሊቱን ሙሉ እንደ ምግብ መመረዝ አከምናት። ሊነጋጋ ሲል አክስቷ ወደ ኮሪደሩ ጠርታኝ "ዶክተር ልጄ፣ ከእግዜር የሚሸሸግ የለም፤ እንዶድ ጠጥታ ነው፣ አርግዛ ነበር" አለችኝ። ልጅቱ ተረፈች። ነገር ግን የደምና የኩላሊት ምርመራው፣ የእርግዝናው ምርመራ፣ የደም ዝግጅቱ ሁሉ ሊጀመር ይገባው የነበረው ማታ ነበር። ያንን ሌሊት የወሰደብን ሐፍረት ነው።

ስለዚህ በግልጽ ልናገር፦ ሐኪም "ምን ወሰድሽ?" ብሎ የሚጠይቀው ለማከም ነው። በየትኛውም መንገድ የተጀመረ የጽንስ መቋረጥ ችግር ሲያስከትል ሕክምና ማግኘት የማንኛዋም ሴት መብት ነው።

እርግዝና እንዳይፈጠር ለሚፈልጉ፣ ጥንቃቄ የጎደለው ግንኙነት ከተፈጸመ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚወሰድ የድንገተኛ ጊዜ መከላከያ ክኒን በመድኃኒት ቤትና በጤና ጣቢያ አለ፤ ቶሎ በተወሰደ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል። እርግዝናው ከተፈጠረም፣ በሀገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በጤና ተቋም ጽንስ ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። ከእነዚህም፦ እርግዝናው በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ሲሆን፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖርበት፣ ወይም እናቲቱ በዕድሜ ማነስ ወይም በአካልና በአእምሮ ጉድለት ምክንያት ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ሳትሆን ስትቀር ይገኙበታል። የተደፈረች ሴት ቃሏ ይበቃል፤ ሌላ ማስረጃ እንድታመጣ አትጠየቅም። እንዶድ ከመጠጣት በፊት ጤና ጣቢያ ሄዶ መጠየቅ ይሻላል።

እንዶድ የጠጣ ሰው ካለ ምን ያድርጉ?

1. ሳይዘገዩ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ይውሰዱ። ምልክት እስኪጀምር አይጠብቁ።
2. አፉን በውኃ ያጉመጥምጡት። ራሱን የሚያውቅና መዋጥ የሚችል ከሆነ ጥቂት ውኃ ፉት ማለት ይችላል።
3. ጣት አስገብተው አያስመልሱት። አረፋው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።
4. ወተት፣ ዘይት ወይም እንቁላል አይጋቱት። ሌላ "ማርከሻ" የሚባል የባህል መድኃኒት አይጨምሩበት።
5. ራሱን የሳተ ከሆነ ምንም ነገር በአፉ አይስጡ። ትውከቱ እንዳያፍነው በጎኑ ያስተኙት።
6. የተረፈውን ፍሬ፣ ዱቄት ወይም የጠጣበትን ዕቃ ይዘው ይሂዱ።

መንገዱ ረጅም ከሆነና ሰውየው የማያስመልሰው ከሆነ፣ ኦ.አር.ኤስ. በትንሽ በትንሹ እየሰጡ መጓዝ ይቻላል።

ለእንዶድ ማርከሻ የሚሆን የተለየ መድኃኒት የለም። በጤና ተቋም የሚደረገው በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት፣ ደምና ኩላሊትን መከታተል፣ ደም ካነሰ ደም መስጠትና ኩላሊት እስኪያገግም መደገፍ ነው። ቶሎ መድረስ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣውም ለዚህ ነው።

ለሐኪሙ የሚነግሩት

• ምን ጠጣ? (ፍሬ፣ ቅጠል ወይም ሥር)
• ምን ያህል? መቼ?
• ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሏል? አረቄ፣ ኮሶ ወይም ሌላ መድኃኒት?
• ለምን ጠጣው? (ሴት ከሆነች እርግዝና ሊኖር ይችል እንደሆነ)
• ሌላ ሕመም አለበት? የሚወስደው መድኃኒት አለ?

በሰው ፊት መናገር ካፈሩ "ለብቻዎ ላናግርዎ" ማለት ይችላሉ። በውጭ ሀገር የሚኖሩና ከሀገር ቤት የተላከ እንዶድ የወሰዱ ከሆነም፣ ሐኪሙ በአማርኛ ስሙ ስለማያውቀው ፊቶላካ ዶዴካንድራ ብለው ይንገሩት።

በቆዳ ላይ መጠቀምስ?

በላቦራቶሪ ጥናት እንዶድ አንዳንድ የቆዳ ፈንገሶችን እንደሚገታ ታይቷል። ይህ ማለት ግን ለጭርት የተመሰከረለት ቅባት ነው ማለት አይደለም። በቀጥታ ሲቀባ ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል። በተለይ በተላጠ ወይም በቆሰለ ቆዳ፣ በፊት፣ በብልት አካባቢና በሕፃናት ላይ አይጠቀሙበት። ለጭርትና ለቋቁቻ በመድኃኒት ቤት የፈንገስ ቅባቶች አሉ። እከክ ደግሞ መላው ቤተሰብ አንድ ላይ ካልታከመ አይጠፋም።

ልብስ ሲያጥቡበት፦

• ሲወቅጡ አፍንጫና አፍዎን በጨርቅ ይሸፍኑ፤ ብናኙ ያስነጥሳል፣ ጉሮሮ ይከረክራል።
• ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ ሕመሙ ወይም መቅላቱ ካልተወ ሐኪም ያማክሩ።
• የተበጠበጠውን በውኃ መጠጫ ዕቃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አያስቀምጡ፤ ልጆች ይጠጡታል።
• የደረቀውን ፍሬ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ያኑሩ።

እንዶድን ከግቢዎ መንቀል አያስፈልግም። እናቶቻችን ሸማ ያነጡበት፣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ለዓለም ያስተዋወቁት ተክል ነው። ቦታው ግን የልብስ ማጠቢያው ገንዳ ነው። ወደ ጽዋ ከገባ ያው ሳሙናነቱ መርዝ ይሆናል።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የቀረበ ነው፤ የሐኪም ምርመራን አይተካም። እርስዎ ወይም የቤተሰብዎ አባል እንዶድ ጠጥታችሁ ከሆነ ማንበብዎን አቁመው አሁኑኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።